የፈርዶሳ ማሽንና የአባቷ መሐላ

ባለፈው ቅዳሜ የሳሎኔ ሰዓት ቆሞብኝ ባትሪ ልገዛ ታይዋን ወረድኩ። ታይዋን ስል አገሩን ሳይሆን የእኛን ገበያ ነው፤ ድሬዳዋን የማታውቁ እንዳትደነግጡ። ሻጩ የባትሪዎቹን ላስቲክ በጥርሱ ቦጭቆ ከፈተና ሁለቱን መዳፌ ላይ ሲያስቀምጥልኝ፣ ያ ብረት ብረት፣ ጎማ ጎማ የሚል የአዲስ ባትሪ ሽታ አፍንጫዬን አወደው። በቃ፤ የመጣሁበትንም ሙቀቱንም ረሳሁት። ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴትዮ መሐል ገበያ ላይ ባትሪ እያሸተተች ቆመች። ሻጩ ግራ ገብቶት «ኦርጅናል ነው እናቴ፣ ባትሪ ደሞ ይሸተታል እንዴ?» አለኝ። እኔ ግን ኦርጅናል መሆኑን እያጣራሁ አልነበረም። ፈርዶሳን፣ የአባቷን በረንዳ፣ እዚያ በረንዳ ላይ በሆዳችን ተኝተን አንዲት ጥቁር ማሽን የምንነካካበትን ከሰዓት በኋላ ነበር የማሸተው። ከዚያ ደግሞ ሳልፈልገው ያ የአባቷ የሐጂ ዳሂር መሐላ ትዝ አለኝና፣ ይኸው ስንት ዓመት አልፎት እንኳ እንደ አዲስ ደረቴን ጨምድዶ ያዘኝ፤ መጨረሻውን ስለማውቅ ግን ወዲያው ለቀቀኝ። እፎይ አልኩ። ሻጩ ዋጋው የተስማማኝ መስሎት ሌላ ሁለት ባትሪ ጨመረልኝ።

ነገርን ነገር ያነሳዋል። ያኔ ድሬዳዋ ባጃጅ የሚባል ነገር አታውቅም ነበር። ዛሬ ከሳቢያን እስከ ለገሃሬ መንገዱን ሞልተውት ጥሩምባቸው ጆሮ ያደነቁራል፤ ያኔ የነበሩን በራቸው በሽቦ የታሰረ አሮጌ ፔዦ ታክሲዎችና የፈረስ ጋሪዎች ናቸው። ታክሲው ሲሞላ አንዱ ተሳፋሪ ሾፌሩ ጭን ላይ ሊቀመጥ ምንም አይቀረውም። የከዚራ ዛፎች ዛሬም አሉ፣ አላህ ያቆይልን፤ ከሥራቸው ግን ያኔ ባጊያና ሳምቡሳ በጋዜጣ ጠቅልለው የሚሸጡ ሴቶች ይደረደሩ ነበር። አንድ ብር ይዞ የወጣ ሰው ራሱ ጠግቦ ጓደኛውን ጋብዞ ይመለሳል፤ ዛሬ በአንድ ብር ሰላምታም አይገዛ። ካሴት ቤቶቹ በር ላይ ድምፅ ማጉያ ይሰቅላሉ። አንደኛው በር የሱማሌ ኡድ፣ ቀጥሎ ያለው ኦሮምኛ፣ ማዶው አማርኛ ትዝታ ያንቆረቁራል፤ አንዷን ጎዳና ሳትጨርስ በሦስት ቋንቋ ሆድ ይብስሃል። ትልልቆቹ ሴቶች ከጅቡቲ የመጣ ስስ የዲርዕ ቀሚስ ለብሰው፣ ጫፉን በአንድ እጃቸው ሰብሰብ አድርገው ሲያልፉ ሽቷቸው ከኋላቸው ይከተላል። እኛ ተማሪዎቹ ፀሐይ ያነጣው ዩኒፎርም ለብሰን፣ እናቶቻችን ሳያዩ ከዚያችው ሽቶ ጠብ አድርገን ነበር የምንወጣው። ማን ይገዛ እንደነበረና ዓመተ ምሕረቱ ስንት እንደነበረ አትጠይቁኝ። እኔ የማስታውሰው ማን ምን እንደለበሰ ነው።

የክፍል ጓደኛዬ የፈርዶሳ ቤት ከደቻቱ ማዶ፣ መጋላ ነበር። ደቻቱ ዝናብ ካልመጣ በስተቀር ወንዝነቱ የስም ብቻ ነው፤ አሸዋውን እያቋረጥን ነበር ትምህርት ቤት የምንመላለሰው። አባቷ ሐጂ ዳሂር ነጋዴ ነበር። «ነበር» ስል አትቆጡኝ፣ እኛ ድሬዎች ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ነው የምንለው፤ አንቱታው ከእኛ አገር ሙቀት ጋር አይስማማም መሰለኝ። ሐጂ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢሙን በሂና ያቀላ፣ ከሽርጡና ከትከሻ ፎጣው ሌላ ልብስ ያለው የማይመስል ሰው ነበር። ባቡር ይዞ ጅቡቲ ይወርዳል፤ ራዲዮ፣ ጨርቅ፣ ሽቶ፣ ተምር፣ የእጅ ባትሪ ይዞ ይመለሳል። ንግግሩ እንደ ሰውነቱ ቀጭን ናት። ገበያው ግን በሁለት ነገር ያውቀው ነበር። አንደኛ፣ ዕቃው ነውር ካለበት ሳይደብቅ ይናገራል። «ይሄ ራዲዮ አንድ ጣቢያ አይዝም» ብሎ ነው የሚሸጥልህ፤ ሳያውቀው ነውር ያለበት ዕቃ ከሸጠ ደግሞ ቤትህ ድረስ መጥቶ ይወስድልሃል። ሁለተኛ፣ ከማለ አይመለስም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው ለእርሱ ነው የተተረተው ይሉ ነበር።

አስራ አንደኛ ክፍል እያለን ከአንዱ መንገዱ ለፈርዶሳ ይዞላት የመጣው ነገር ካልኩሌተር ነበር። ካልኩሌተር ስላችሁ ባለ ሱቅ ጠረጴዛ ላይ የምታዩትን እንዳይመስላችሁ። ይሄኛው እንደ ትንሽ መጽሐፍ ወፈር ያለ፣ የላይኛው ግማሹ መስታወት የሆነ፣ ቀመር ስታስገባበት ኩርባ መስመር የሚስል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እንዲሠራ የፈለግኸውን ጽፈህ የምታስተምረው ማሽን ነበር። አዲስ አልነበረም፤ ጅቡቲ ትምህርቱን ጨርሶ አገር ከለቀቀ የአንድ ተማሪ ቤተሰብ ነው የገዛው። ጀርባው ላይ ያልታወቀው ልጅ በምላጭ የጫረው ልብ ነበር። ፈርዶሳ ያንን ልብ በጨርቅ ብታሽም አልለቅ ስላላት ማሽኗን ሁልጊዜ በጀርባዋ አስተኝታ ነበር የምታስቀምጣት። «አባቴ ካየ ማነው ብሎ ይጠይቀኛል» ትላለች። እኔ ደግሞ በዚህ እስክትበሽቅ ነበር የማሾፍባት።

መመሪያው ፈረንሳይኛ ነው። እዚህ ላይ የእኔ አባት ገባ። አባቴ ባቡር ጥገና ውስጥ የሚሠራ፣ ፈረንሳይኛን ከብሎንና ከዳዶ ጋር አብሮ የተማረ ሰው ነበር። ያኔ የድሬዳዋ ሽማግሌ ግማሹ እንዲህ ያለ የባቡር ፈረንሳይኛ ነበረው። ምሳውን በልቶ ጋደም ሲል እኔና ፈርዶሳ መጽሐፏን ይዘን እግሩ ሥር እንቀመጣለን። «ይሄ ‹ከሆነ› ማለት ነው፤ ይሄ ‹ሂድ› ማለት ነው፤ ይሄ ‹አሳይ› ነው» እያለ ይፈታልናል። የማያውቀው ቃል ሲመጣ አላውቅም አይልም። ገጹን ገልብጦ «ይሄ የፋብሪካው ጉዳይ ነው፣ እናንተን አይመለከትም» ይላል። ከመጽሐፏ መጀመሪያ ላይ ስንት ገጽ በዚህ ዓይነት የፋብሪካ ጉዳይ ሆኖ እንደታለፈ ዛሬ ሳስበው ሳቄ ይመጣል።

የመጀመሪያ ፕሮግራማችን ኳድራቲክ ኢኩዌሽን የሚፈታ ነበር። ዛሬ የእህቴ ልጅ ስልኳን ጥያቄው ላይ ደቅና ፎቶ ስታነሳው መልሱ ከነአሠራሩ ዱብ ይላል። ደስ ይላል፣ ምንም አልልም፤ እኔ ራሴ የመብራት ሒሳቤን ትርጉም የምጠይቀው እሷኑ ነው። ያኔ ግን ማሽኗ ባዶ ነበረች። ባዶ ለሆነ ነገር ለማስረዳት ደግሞ መጀመሪያ ራስህ መረዳት አለብህ። ፈርዶሳ ከሁሉ በፊት ማሽኗ ሰላምታ እንድትሰጥ ፈለገች። «ሰላም ሳይል ሥራ የሚጀምር እኛ ቤት አይገባም» አለችና የመጀመሪያው መስመር በላቲን ፊደል «ሰላም» የሚል ሆነ። ከዚያ ማሽኗ ኤ ስንት ነው፣ ቢ ስንት ነው፣ ሲ ስንት ነው ብላ ትጠይቃለች፤ ነግረናት ትንሽ ታስብና ሁለቱን መልስ ትሰጣለች። አንዳንዴ ግን መልስ በመስጠት ፈንታ ስህተት ብላ ትቆማለች። ምክንያቱን ስንፈልግ ነው ከካሬ ሥሩ ውስጥ ያለው ቁጥር ከዜሮ ሲያንስ መልስ እንደሌለው የገባን፤ መምህራችን ለሳምንት ሰሌዳ ላይ ሲጽፈው ያልገባን ነገር። አንድ መስመር ጨመርንበትና ከዚያ ወዲያ ማሽኗ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣባት «የለም» ብላ በጨዋ ደንብ ትመልሳለች። ያን ቀን የተደሰትነውን ደስታ እኔ በሠርጌ ቀንም አልተደሰትኩት፤ ባለቤቴ ይህን እንዳያነብብኝ።

ባትሪ መቀየር ግን ጭንቅ ነበር። አውጥተህ አዲሱን ለመክተት ከዘገየህ የጻፍከው ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ አንዳችን አዲሶቹን ባትሪዎች ላስቲካቸውን ቀድደን እንይዛለን፣ ሌላኛችን እናወጣለን፣ ሁለታችንም ትንፋሻችንን እንይዛለን። ያ ሽታ እንዲህ ነው አፍንጫዬ ውስጥ የቀረው። ሁለት ጊዜ ጠፍቶብን እንደገና ጻፍነው። ሁለተኛው ላይ ከልባችን ነበር የጻፍነው፤ መጽሐፍም አላየን።

እንግዲህ ወሬው ክፍል ውስጥ ተሰማ። የክፍላችን ልጆች ሳምቡሳና ለስላሳ ይዘው እነፈርዶሳ በረንዳ መምጣት ጀመሩ። የፈርዶሳ እናት ደስተኛ ነበረች፣ ቤቷ እንግዳ ሲሞላ የምትወድ ሴት ናት። ሐጂ ዳሂር ግን ከሱቅ ሲመለስ ጫማ በጫማ የሆነውን ደጁን ያይና ፈርዶሳን ብቻ አይቶ ወደ ውስጥ ይገባል። ያ አስተያየት ምን ማለት እንደሆነ እኔም እሷም እናውቃለን። ከዓመት በፊት የፈርዶሳ ታላቅ ወንድም ከትምህርት እየጠፋ፣ እየተጣላም፣ ትምህርት ቤቱ ሐጂን ደጋግሞ እየጠራው ነበር። ነጋዴ ሰው ሱቁን ዘግቶ ርዕሰ መምህር ቢሮ ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ የልጁን ጥፋት በሌሎች ልጆች ፊት ሲሰማ ምን ያህል እንደሚያፍር አስቡት። በመጨረሻ ልጁ ሲባረር ሐጂ እቤቱ ገብቶ፣ ቤተሰቡን ሰብስቦ፣ ወላሂ ብሎ ማለ። በልጄ ጥፋት ትምህርት ቤት ሁለተኛ ከጠራኝ፣ የተጠራሁባትን ልጅ በዚያው ይዤ እመለሳለሁ፤ ሱቅ ትቀመጣለች አለ። «ትቀመጣለች» ያለው ቀሪ ልጁ ፈርዶሳ ብቻ ስለነበረች ነው። ያ መሐላ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኛ ጋር አብሮ ትምህርት ቤት ይመላለስ ነበር።

የሒሳብ መምህራችን ቲቸር ታደሰ ይባላል። ከደጋ አገር የመጣ፣ የድሬዳዋ ፀሐይ ያስመረረው፣ እርጥብ መሐረብ አንገቱ ላይ ጥሎ የሚያስተምር ሰው ነበር። ሲስቅ ያየው የለም። ግን አድልቷል ብሎ የሚያማውም አልነበረም። ትሪጎኖሜትሪ ጀምረን የቤት ሥራ ሰጠን፣ ማርክ የሚያዝበት አሳይመንት። ጥያቄዎቹ ሁሉ ምሰሶ፣ ዛፍ፣ ሚናራ ናቸው። «ከምሰሶው ሥር ሃያ ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ጫፉን በአርባ ዲግሪ ማዕዘን ቢያይ ምሰሶው ስንት ሜትር ነው» ዓይነት። በመጽሐፉ ጀርባ ባለው ሰንጠረዥ ታንጀንቱን ፈልገህ፣ አባዝተህ ነው የምትሠራው። እኛ ምን ቸገረን፤ አዲስ ፕሮግራም ጻፍን። ማሽኗ ሰላም ትላለች፣ ርቀቱን ትጠይቃለች፣ ማዕዘኑን ትጠይቃለች፣ ቁመቱን ትሰጣለች። ቀመሩን ለመጡት ልጆች አስረዳናቸው፣ ሁሉም በየወረቀቱ ላይ በየራሱ አጻጻፍ አሠራሩን ጻፈ፣ የመጨረሻዋን ማባዛት ብቻ ማሽኗ ሠራችው። ሰንጠረዡን የከፈተ ሰው አልነበረም። ያቺን የመሰለች ማሽን እያለች የመጽሐፍ ጀርባ ማን ያያል።

ወረቀቶቹ ሲመለሱ ቲቸር ታደሰ መሐረቡን አንገቱ ላይ አላደረገውም ነበር፣ እጁ ላይ ጠቅልሎት ነው የገባው። ስም እየጠራ የምሰሶውን መልስ ብቻ አነበበ። አሥራ አራት ነጥብ አምስት ሦስት። ቀጣዩ፣ አሥራ አራት ነጥብ አምስት ሦስት። ሌላው፣ እንዲሁ። ግማሽ ክፍሉ ያው ነው። ትክክለኛው መልስ አሥራ ስድስት ነጥብ ሰባት ስምንት ነበር። ከዚያ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ አስተካክሎ ደረደረና እንዲህ አለ፦ «ሰው የየራሱን ስህተት ነው የሚሳሳተው። ግማሽ ክፍል አንድ ዓይነት ስህተት ከተሳሳተ እሱ ስህተት አይባልም፣ ኩረጃ ነው።» ከየት ገለበጣችሁ ብሎ አንድ በአንድ ሲጠይቅ ሁሉም አንድ መልስ ሰጠ፤ ፈርዶሳ ቤት ነው የሠራነው። ለመክሰስ አልነበረም፣ እውነታቸውን ነው። ቲቸር ታደሰም ፈርዶሳን አስነስቶ ነገ አባቷን ይዛ እንድትመጣ ነገራት፤ ያቺ ማሽን የሚሏትንም እንድታመጣ። እኔ ተነስቼ ፕሮግራሙን የጻፍነው አብረን ነው ብል፣ አንቺም ነገ ትመጫለሽ አለኝና ወደ ሰሌዳው ዞረ።

ስንመለስ የደቻቱ አሸዋ ይፋጃል። ፈርዶሳ አላለቀሰችም። እኔ ነኝ የለፈለፍኩት። ያኔ ልጆች የሚያደርጉትን ታውቁ ይሆናል፤ ወላጅ ሲጠራባቸው ከጫት ተራ አንዱን ሥራ ፈት ይለምኑና አባት ሆኖላቸው ይመጣል፣ ልጁን ይቆጣል፣ ይምላል፣ ይገዘታል። አንዱ ሰውዬ በአንድ ሳምንት የሦስት ልጆች አባት ሆኖ መጥቶ ዘበኛው ነው ያወቀበት። ለፈርዶሳም እንዲህ እናድርግ አልኳት። አባቷን መላው ድሬ እንደሚያውቀው ነገረችኝ፤ ደግሞም መዋሸት አልፈለገችም። የቤታቸው ማዕዘን ላይ ስንደርስ ቆም አለችና «ነጃት፣ ሱቅ ስቀመጥ እየመጣሽ ትጠይቂኛለሽ አይደል?» አለችኝ። ማሽኗን ሰጠችኝ፤ ማታ እቤት እንድትገኝ አልፈለገችም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል፤ እኛ ግን በልተን እንደሆነም ዳዋ ሆነን እንደሆነም አናውቅም ነበር። ቀመራችን የት ላይ እንደተሳሳተ ያን ቀን ደጋግሜ ባየው ምንም አላገኘሁበትም።

በማግስቱ ሐጂ ዳሂር በፔዦ ታክሲ መጣ። እሱ ታክሲ የሚይዝ ሰው አልነበረም፣ ሁሌ በእግሩ ነው። በሩ ላይ ወርዶ ሾፌሩን ጠብቀኝ አለው፤ ስንመለስ ሁለት ነን ብሎ ሲነግረው በጆሮዬ ሰማሁ። ፈርዶሳም ሰምታለች፣ ሻሿን አጥብቃ እያሰረች ነበር። የመምህራን ክፍል ገባን። የተሰበረ ማራገቢያ ጣሪያው ላይ፣ የደብተር ክምር፣ የጠመኔ አቧራ። ቲቸር ታደሰ ተነስቶ ወንበር አቀረበና «እባክዎ ይቀመጡ» አለ። ሐጂ እንዲህ ያለ አክብሮት አልለመደምና ሌላ ሰው ገብቶ እንደሆነ ወደ ኋላው ዞር ብሎ አየ። ሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ብቻ ሳምንት እንስቅ ነበር።

መምህሩ ነገሩን አስረዳ፤ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ሐጂ እጁን በጉልበቱ ላይ አድርጎ ሰማ። ሲጨርስ ወደ ፈርዶሳ ዞሮ በሱማልኛ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቃት፣ ሰርቀሻል ወይ ብሎ። አልሰረቅኩም፣ አስልቼ ነው አለችው። ይሄኔ ቲቸር ታደሰ ማሽኗን ከእጄ ተቀበለና አገላብጦ አየ። ጀርባዋ ላይ ያለችውን ልብ አየ፣ ምንም አላለም፣ አላህ ይስጠው። ከዚያ ምሰሶውን የምታሰላውን ፕሮግራም ደመሰሰና ማሽኗን ለፈርዶሳ መለሰላት። አስልቼ ነው ካለች እዚሁ ፊቴ ትጻፈው አለ።

ፈርዶሳ ቆማ ጻፈች። «ሰላም» የሚለውን እንኳ አልዘለለችውም። መምህሩ በትከሻዋ በኩል አጎንብሶ እያንዳንዱን መስመር ያነብባል፤ ሐጂም የማያውቀውን ፊደል ያነብብ ይመስል አብሮ ያያል። እሷ ስትጨርስ ቲቸር ታደሰ ራሱ ሃያን አስገባ፣ አርባን አስገባ። አሥራ አራት ነጥብ አምስት ሦስት። እንደገና መስመሮቹን ከላይ እስከ ታች አየ። «ቀመሩ ልክ ነው» አለ ለራሱ። የሒሳብ መጽሐፉን ጀርባ ከፍቶ የአርባን ታንጀንት በጣቱ ፈለገና ያንኑ ማሽኗን ጠየቃት። የመጽሐፉና የእሷ አይገናኙም። ሐጂ ዳሂር ይህን ሲያይ ለመምህሩ መጀመሪያ የተናገረው ያኔ ነው። «ሚዛን ስትጠራጠር» አለ፣ «ኪሎውን የምታውቀውን ድንጋይ ነው የምትጭንበት።»

ቲቸር ታደሰ ቀና ብሎ አየው። ከዚያ የሁሉም ተማሪ አፍ ላይ ያለውን፣ አንድ መሆኑን ማንም የሚያውቀውን የዘጠናን ሳይን ማሽኗን ጠየቃት። አንድ አላለችም፤ ከአንድ ትንሽ የጎደለ ቁጥር ሰጠች። ጥቂት አሰበና ዘጠናውን አጥፍቶ መቶ አስገባ። አንድ አለች። ያ ሲስቅ ታይቶ የማያውቅ ሰው መሐረቡን አፉ ላይ አድርጎ ሳቀ። ዩኒቨርሲቲ እያለ ሰምቶት ነበር፤ በአንዳንድ አገር ቀጥ ያለውን ማዕዘን ዘጠና ሳይሆን መቶ ቦታ የሚከፍል ሌላ መለኪያ አለ። ያ ጀርባዋ ላይ ልብ የጫረው ልጅ ማሽኗን በዚያ መለኪያ አስተካክሏት ይሆናል፣ እንደዚያው ወደ እኛ መጣች። እኛ አርባ ስንላት በእሷ አቆጣጠር ሌላ አርባ ነው የምትይዘው። አባቴ የፋብሪካው ጉዳይ ብሎ የዘለለው ገጽ ይህ መሆኑን ወዲያው አወቅኩ፣ ግን ለመሳቅ ገና ደፋር አልሆንኩም ነበር። ምክንያቱም ሐጂ ዳሂር አልሳቀም።

መምህሩ ልጅዎ አልኮረጀችም፣ ክሱን አንስቻለሁ፣ ጥያቄዎቹን ግን በሰንጠረዡ እንደገና ይሠሩታል አለ። በዚህ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። እኔና ፈርዶሳ ግን አላለቀልንም። መሐላው አለ። ትምህርት ቤት ከጠራኝ ብሎ ነው የማለው፣ ይኸው ጠርቶታል፤ ታክሲው በር ላይ ሁለት ሰው ይጠብቃል፤ እሱ ደግሞ ከማለ የማይመለስ ሰው ነው። ፈርዶሳ ወለሉን ታያለች። ሐጂ ማሽኗን ከጠረጴዛው አነሳና፣ ክብደቷን የሚመዝን ይመስል እጁ ላይ ያዛት። ጢሙን አሸ። ፎጣውን ከአንድ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። እኔ በሕይወቴ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ ያኔ ጨርሻለሁ።

«አስተማሪ» አለ በመጨረሻ፣ «አንተ የጠራኸኝ ለምንድነው?»

ቲቸር ታደሰ ጥያቄው አልገባውም። ስለ መልሱ፣ ስለዚህ ስህተት ነው አለ።

«ስህተቱ የማነው?»

«የማሽኗ ነው እንግዲህ።»

«ማሽኗን ማን አመጣት? እኔ። ሳልፈትሽ ገዛሁ፣ ነውሯን ሳላውቅ ለልጄ ሰጠሁ።» ማሽኗን ለፈርዶሳ ዘረጋላት። «ስለዚህ የተጠራሁት በልጄ አይደለም። በዕቃዬ ነው የተጠራሁት። በዕቃዬ ደግሞ ሁሌም እጠራለሁ፤ ሥራዬ ነው።»

ይህን የተናገረው ለመምህሩ አልነበረም። ለራሱም አይደለም፤ ለአላህ እያስረዳ ነበር የመሰለኝ፣ ውሉን አንብቦ አንድ ቃል ሳይጥስ በመካከሉ መንገድ እንዳገኘ ሰው። ቲቸር ታደሰ ስለ መሐላው ምንም አያውቅምና ይቅርታ ጠየቀው፣ ስለደከሙበት ብሎ። ሐጂም ዕቃው ነውር ስለነበረበት እሱን ይቅርታ ጠየቀው። ሁለቱ እንዲህ ይቅርታ ሲሰጣጡ ፈርዶሳ አሁንም አልተነቃነቀችም። ይዞኝ አይሄድም ብላ ገና አላመነችም ነበር፤ እኔም ብሆን አላመንኩም። ሐጂ ተነስቶ ወጣ። ፈርዶሳን ተከተዪኝም፣ ቅሪም አላላትም። ጫማውን እየጎተተ በግቢው መሐል አለፈ፤ እኛ ሁለታችን የመምህራን ክፍሉን መስኮት ተደግፈን አየነው። የመስኮቱ ሽቦ ግንባሬን ሲጫነኝ ይታወቀኛል። በሩ ጋ ሲደርስ የታክሲው ሾፌር የኋላውን በር ሊከፍት ወረደና ግቢውን ተመለከተ።

«ሐጂ፣ ልጅቷስ?»

ሐጂ ዳሂር የፊተኛውን በር ራሱ ከፍቶ ገባ።

«ትምህርት ላይ ናት» አለው። «ንዳ።»